የኋላው ቀኝ በር

ግልፍተኛ ነኝ፤ አልክድም። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ጋራዥ በነበረኝ ዘመን ደንበኛ ላይ ካቻቪቴ ወርውሬ አውቃለሁ። “አቦ! አንተ ሰውዬ ምላስህ አንድ ቀን ያስገድልሃል” ያላለኝ የድሬ ሰው የለም። ያ ምላስ ግን መናገር በነበረበት ቀን ዝም አለ። የማወራው ስለዚያ ቀን ነው፤ ስለ አንድ የመኪና በር።

መኪናዋ ረጅም ጥቁር የአሜሪካ ሥሪት ነበረች። ከጅቡቲ በባቡር ተጭና መጥታ ለገሃር ስትወርድ ግማሹ ከተማ ሥራ ፈትቶ ሊያያት ወጥቷል። ባለቤቷ ከደጋ ተሹሞ የመጣ ትልቅ የመንግሥት ሰው ነበር። ያን ጊዜ በፊቱም በሌለበትም “እሳቸው” ካላሉት ያስቆጣ ነበር። አሁን ግን ወረቀቱም ብዕሩም የኔ ነው፤ “እሱ” እለዋለሁ።

ከመኪናዋ ነገር ሁሉ ከተማውን ያስገረመው የበሯ ቁልፍ ነበር። በየበሩ ክንድ ማሳረፊያ አጠገብ የመብራት ማብሪያ የምታህል ነገር አለች። አንዷን ወደ ታች ስትጫን አራቱም በሮች ባንዴ ቋ! ብለው ይቆለፋሉ፤ ወደ ላይ ስታነሣት ቋ! ብለው ይከፈታሉ። በሩ ሆድ ውስጥ የሽቦ ጥቅል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብረቱን ይስበዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሰዉ ግን “ሰይጣን አስገብተውባታል” ይል ነበር። ከባቡሩ ወርክሾፕ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሬ የወጣሁ እኔ ብቻ ስለነበርኩ መኪናዋ ስታስነጥስ እንኳ የምጠራው እኔ ነኝ።

ሾፌሩ ደግሞ የክርስትና አባቴ ናቸው። ወላጅ አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ “አባባ” ነው የምላቸው። ጠዋት ጠዋት ዳዊት ሳይደግሙ ውሃ በአፋቸው አይዞርም። ስምንት ዓመቴ ላይ ከጎረቤት ፓፓያ ሰርቄ “አልሰረቅኩም” አልኳቸው። በአለንጋ ሲሸነቁጡኝ “ይኼ ለፓፓያው አይደለም፤ ለ‘አልሰረቅኩም’ ነው” ይሉኝ ነበር። ቤታቸው ስድስት ነፍስ አለ፤ ሁሉም በዚያች መሪ ላይ ያደረ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የሹሙ ዘበኛ እየሮጠ መጣ። “ቶሎ በል፣ ሾፌሩ ሊታሰር ነው!” አለኝ። የያዝኩትን ዲናሞ ጥዬ ሄድኩ። ሹሙ ግቢው በረንዳ ላይ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። አባባ ከደረጃው ሥር ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሚስቱም ከበሩ ላይ ቆማ ታያለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሹሙ ቀትር ላይ ወደ ደረቁ የዳቻቱ ወንዝ ዳር ወርዶ ዛፍ ጥላ ሥር መኪናውን ያስቆማል። “ወረቀት አነባለሁ፤ ራቅ በል” ይላል፤ አባባም ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። በዚያ ቀን መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ እሱ ከኋላ ቀኝ ወንበር ላይ እንዳለ በሮቹ በራሳቸው ቋ! አሉ። የመቆለፊያዋን ዘንግ በእጁ ቢያነሣት ተመልሳ ትወርዳለች። መስኮቱም በኤሌክትሪክ ስለሆነ ያለ ቁልፉ አይወርድም። መስታወቱን ሲደበድብ አባባ ሰምተው እየሮጡ መጥተው በቁልፍ ከፈቱት፤ ገና እጀታውን ሳይዙት በሩ ዳግም ቋ! አለ። እንደገና ከፈቱ፤ እንደገና ተቆለፈ። በሦስተኛው ጎትተው ሲከፍቱት ሹሙ አሸዋው ላይ በግንባሩ ወደቀ። የድሬን የቀትር ፀሐይ ለሚያውቅ፣ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሬሳ ነበር የሚወጣው።

“ማን እንደላከው ይናገር!” አለኝ ሹሙ፣ አባባን በጣቱ እያመለከተ። “አፍኖ ሊገድለኝ ነበር። ሲከፍት እያየሁት መልሶ ይቆልፋል!” በዚያ ዘመን ሹም ሁሉ ጥላውን ይጠረጥር ነበር።

“ጌታዬ፣ የመኪናው ብልሽት ይሆናል” አልኩ።

“እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ብልሽት ካለው ዓይኔ እያየ ታሳየኛለህ። ከሌለው ብልሽቱ ሰውየው ነው፤ ፖሊስ ይጠይቀው።”

የዚያን ዘመን ፖሊስ እንዴት እንደሚጠይቅ የማያውቅ አልነበረም። አባባ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አንድ ሌሊት አይችሉትም።

መኪናዋ ከግቢ እንዳትወጣ ስለተባለ እዚያው ጥላ ሥር ሥራ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ሲበዛ የሚቃጠለውን ቫልቮላ አየሁ፤ ደህና ነው። ባትሪው ደህና ነው። አንድ አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ ቀጥዬ ከበር በር እየዞርኩ ኤሌክትሪኩን ተከተልኩት፤ መኖር ባለበት አለ፣ መጥፋት ባለበት የለም። ማብሪያዋን መቶ ጊዜ ብጫናት መቶውንም ትታዘዛለች። በርና አካል የሚገናኙበት ቦታ ሽቦው በመታጠፍ ብዛት ይላጣልና፣ እሱ ይሆናል ብዬ ደስ እያለኝ ላስቲኩን ገለጥኩ። ሽቦው እንደ ሙሽራ ያማረ ነው።

“አንቺ ውሻ!” ብዬ ጎማዋን በእርግጫ መታሁ። ዘበኛው ሳቀ። አባባ አልሳቁም፤ ከሠራተኞቹ ቤት ደፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ገልጠዋል፤ ገጹን ግን ሲያዞሩ አላየሁም።

መኪና ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚድን በሽተኛ ነው፤ ይህን መካኒክ ሁሉ ያውቃል። ቆሎ እየቆረጠምኩ ብልሽቱ ይመጣል፣ ይመጣል ብዬ እስኪጨልም ጠበቅሁት። አንዴም ቋ አላለም። አባባን ከግቢ እንዳይወጡ ከልክለዋቸው ኖሮ እዚያው አደሩ።

በማግስቱ በማለዳ ተመለስኩ። የበሮቹን ውስጥ ልብስ አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ምንም የለም። አራት ሰዓት ሆነ። ብሎን ከጣቴ እየሾለከ መሬት ላይ ይወድቃል። አባባን ያስወሰዳቸው የኔ አለማወቅ ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ። በማለዳ የፈታሁትን የኋላውን ቀኝ በር እልክ ይዞኝ ዳግመኛ ፈታሁት። በዚህ ጊዜ ማብሪያዋን ራሷን ነቅዬ ገለበጥኳት።

ከጀርባዋ ሁለቱ የናስ ጥርሶች መሃል አረንጓዴ ነገር በቅሏል።

ናስ እንዲያ የሚሆነው ውሃ ሲያገኘው ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ዝናብ ከጣለ ወራት አልፎታል፤ ዳቻቱ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ላቡ እንኳ ሳይወርድ ይደርቃል። በድሬ ፀሐይ ውሃን ማን ይጠረጥራል? የሦስቱን በሮች ማብሪያ ነቅዬ አየሁ፤ እንደ ወርቅ ያብረቀርቃሉ። እንግዲህ ውሃው ያለው እዚህች በር ላይ ብቻ ነው፤ ሹሙ ከሚቀመጥባት ጎን። ከማብሪያዋ ከፍ ብሎ ወረቀት የሚያዝበት የቆዳ ኪስ አለ። እጄን ሰድጄ ታቹን ዳሰስኩት። ቆዳው ርሶ ደርቆ፣ ርሶ ደርቆ ተጨማትሯል። ጣቴ ላይ አንዲት ነገር ተለጥፋ ወጣች።

ቀላ ያለች ለጋ ቅጠል። ድሬ ተወልዶ ጫት የማያውቅ የለም።

“ወረቀት አነባለሁ” ለካ ይኼ ነው! በዚያ ሐሩር መስኮት ዘግቶ ወረቀት የሚያነብ ሰው እንዳለ ትናንት ስሰማ መጠርጠር ነበረብኝ። ቅጠሏን በጭብጤ ይዤ አባባ ጋ ሄድኩ።

“አባባ፣ ይኼ ምንድነው?”

ሲያዩት ፊታቸው አመድ መሰለ። “ጣለው” አሉኝ።

“የማን ነው?”

“ጣለው አልኩህ!” ከዚያ ዘበኛው ራቅ እስኪል ጠብቀው በሹክሹክታ ነገሩኝ። በየቀኑ መጋላ ገበያ ሄደው ከአንዲት ሻጭ አንድ ዙርባ፣ አንድ እስር ጫት፣ ይገዛሉ፤ “ለእንግዳ ነው” ይሏታል። ሴትዮዋም “ውሃ ካላጠጣኸው ይሞትብሃል፣ አባቴ” ብላ መክራቸው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው የበሩ ኪስ ውስጥ ያስቀምጡለታል። ሰሞኑን ሙቀቱ ስለባሰ ጨርቁን ሳይጨምቁት ነው የሚጠቀልሉበት። ውሃው ኪሱ ታች ተጠራቅሞ በቆዳው ሰርጎ ወደ ማብሪያዋ ሲወርድ ናስ ከናስ እያገናኘ በሩን ያስቆልፈዋል፤ ሲደርቅ ይተዋል። እኔ ስደርስ ደርቆ ነው የጠበቀኝ። ለሰው ብለው የተጠነቀቁት ጥንቃቄ ሊያስገድላቸው ነው።

“ታዲያ ምን ቸገረን! ሄደን እንነግረዋለን” አልኩ።

“እሜቴስ?”

እሜቴ ያሉት የሹሙን ሚስት ነው። ሴትዮዋ አክራሪ ጿሚ ናት። ጫት የእስላም ነው፣ የደረሰበት ቤት ጠበል አይረጭበትም ትላለች። ከወራት በፊት አትክልተኛውን ጉንጩ አብጦ አይታ ዕለቱን ከነጓዙ አባርራዋለች። ባሏ በየቀትሩ የሚቅም መሆኑን ብታውቅ የዚያ ቤት ጉድ ለብቻው ነው።

“ላልናገር በሚካኤል ምያለሁ” አሉኝ አባባ። “የሰው ገመና ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።”

“እና እስር ቤት ይግቡለት? አባባ፣ አብደዋል እንዴ?”

“ውሃውን አሳይ። ቅጠሉን አታሳይ። ውሃው ከየት መጣ ካሉ፣ ስናጥብ ገብቶ ነው እላለሁ።”

“ውሸት ነው!” አልኳቸው። ያ የፓፓያው አለንጋ ትዝ አለኝ፤ እሳቸውም ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ ዓይናቸውን ሰበሩ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሹሙ ወጣ። ሚስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኑ ቆመች። ወጥ ቤቷ፣ ዘበኛውና አንድ ጸሐፊ ተሰበሰቡ። ከውጭ በር አጠገብ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል፤ ቀድሞውንም አስጠርቷቸው ኖሯል። እኔ ኪሱን ጠርጌ ማብሪያዋን ቦታዋ መልሻለሁ።

“እንግዲህ ይዩ ጌታዬ” ብዬ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ኪሱ ውስጥ አፈሰስኩ።

ምንም የለም። ሁላችንም በሩን እናያለን። ሹሙ ሰዓቱን አየ። ከግንባሬ የወረደው ላብ ዓይኔን አቃጠለኝ። ኧረ በለው፣ ማንም ሳይነካሽ ስትቆለፊ ከርመሽ አሁን እምቢ ትያለሽ? ቋ በይ እንጂ! ብዬ በሆዴ ለመንኳት። አንደኛው ፖሊስ ቀበቶውን እያስተካከለ ወደ አባባ ሁለት እርምጃ መጣ። አባባ ቆባቸውን አጥብቀው እንደያዙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ቋ!

ከዚያ ቋ! ቋ! ቋ! ማንም ሳይነካቸው አራቱም በሮች ይቆለፋሉ፣ ይከፈታሉ። ወጥ ቤቷ “በስመ አብ!” ብላ አማተበች። ፖሊሱ ባለበት ቆመ።

“ውሃ ነው ጌታዬ” አልኩ። “ሰውየው እጃቸው የለበትም።”

ሹሙ መጀመሪያ እፎይ ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ “ውሃ” የሚለው ቃል የገባው ይመስለኛል፣ አፉን ዘጋ። ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ሚስቱ ግን ወደ መኪናዋ ተጠጋች።

“ውሃ እዚህ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል?”

“ሳጥብ ነው እሜቴ” አሉ አባባ።

“አንተ በጨርቅ ነው የምትወለውላት። ሁልጊዜ በመስኮት አይሃለሁ።” ይህን እያለች እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች። እኔ የጠረግሁት ታቹን ነበር፤ ቆዳው የተሰፋበትን ጥግ አላሰብኩትም። ከዚያ ጥግ ሁለት ቅጠል ያለበት ቀጭን ዘንግ መዝዛ አወጣች፤ ጫፉ ላይ ዙርባው የታሰረበት ልጥ እንዳለ ነው። ክንዷን ዘርግታ ከፊቷ አራቀችው።

“ጫት! በኔ ቤት?”

ሹሙ ወደ ሚስቱ አላየም፤ ወደ አባባም አላየም። ያየው እኔን ነው። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር። ያን ትልቅ ሰው በአንድ ቃል ልጥለው እንደምችል ሁለታችንም አወቅን። አየር ስቤያለሁ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነው።

“የኔ ነው እሜቴ” አሉ አባባ።

“ያንተ?”

“የኔ ነው። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።”

“ዳዊት የምትደግመው ሰውዬ! ቆመህ የምታስቀድሰው!” ቅጠሉን እግራቸው ሥር ወረወረችው። ወጥ ቤቷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ዘበኛው መሬት መሬት አየ።

አሁን ይናገራል ብዬ ሹሙን ጠበቅሁት። አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ “እህም” አለ። “እንግዲህ ሰው ይሳሳታል። ሊገድለኝ አለመሆኑ ይበቃል። አታባርሪው፤ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ።”

ይቅር ብዬዋለሁ! አባባ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሳሙ። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌታዬ” አሉ። ያን ሳይ ካቻቪቴው መዳፌን እስኪሰረጉድ ጨበጥኩት። አንባቢዬ፣ ያ ሁሉ ምላስ፣ ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ ግልፍታ የት ሄደ? ብናገር አባባ ውሸታም ይባላሉ፣ እንጀራቸውም ይቀራል ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ስንት ዓመት አውርቻለሁ። እውነቱ ግን ፈራሁ። ፖሊሶቹ ገና አልሄዱም፤ “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ሲባል ያደግሁ ሰው ነኝ። ፈራሁ፤ ይኸው ነው።

ወሬው ሳምንት አልፈጀበትም። ከዚራም መጋላም ሰማ። የሰፈሩ ጎረምሳ አባባ ሲያልፉ ጉንጩን በምላሱ ወጥሮ ያሳያቸዋል። እሁድ ቤተክርስቲያን ድሮ ከፊት ከነበረው ቦታቸው አጣኋቸው፤ ዞሬ ስፈልጋቸው ከውጭ ከግቢው አጥር ጋ ከዛፍ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። አንድ ዲያቆን ጠርቷቸው “ያንን ነገር ተዉት ወይ?” ብሎ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። “ትቼዋለሁ” አሉት። ያልጀመሩትን።

ከዚያ ሰኞ አባባ መኪናዋን ይዘው ጋራዤ መጡ። “ውሃ እንዳያሳልፍ አድርገህ ሥራው ብለዋል” አሉኝ።

“ምን? አሁንም ሊቅም ነው?”

“ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።”

“ይስማ! ከተማው ሁሉ ይስማ! አባባ፣ ይኼ ሰውዬ በርስዎ ስም…”

“ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ” ብለው አቋረጡኝ። “ስድስት ነፍስ አለብኝ። ሥራው።”

ሠራሁት። ስድቤን እየዋጥኩ ከቆርቆሮ ለኪሱ ልክ የሆነች ሣጥን ቆርጬ በየድኩ፤ ክዳን አደረግሁላት፤ ማብሪያዋንም በላስቲክ ሸፈንኩ። ያን ሰው ገመናውን እኔም በእጄ ከደንኩለት። አባባ እንግዲህ የዕለቱን ዙርባ ከወንበር ሥር አወጡና ከጋራዡ ቧንቧ ጨርቁን ሊያርሱ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቆም አሉ። ወዲያ ወዲህ አይተው አንዲት ቅጠል በጠሱ።

“ስሟን ከተሸከምኩ አይቀር ጣዕሟን ልወቃት” አሉ።

አፋቸው ውስጥ ከተቷት። ሁለት ጊዜ አኝከው ፊታቸው ተጨማደደ፤ ቱፍ! ብለው ተፏትና አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። “ኤዲያ! ሬት ናት እኮ! ይቺን ነው በላህ የተባልኩት?” ብለው ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ፣ መኪናዋን ተደግፈው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ከመሃል ላይ ሳቁ ተበላሸብኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

“ተው ልጄ፣ ተው” አሉኝ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ። “ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሰውዬው ይጠብቀኛል።”

ጨርቁን አርሰው፣ በዚህ ጊዜ ግን ጥሩ አድርገው ጨምቀው፣ ዙርባውን ጠቅልለው ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጡ። የኋላውን ቀኝ በር ቀስ ብለው ዘጉት። ሞተሩን አስነሥተው ከጋራዡ ሲወጡ ማብሪያዋን ሲጫኗት ሰማሁ፤ አራቱም በሮች ባንዴ ቋ ብለው ተቆለፉ። ከዚያ በኋላ ያ በር ተበላሽቶ አያውቅም።